ከአዳኝነት ወደ ጠባቂነት፦ የሰር ፒተር ስኮት ሕይወት

ሰር ፒተር ስኮት እ.ኤ.አ. በ1909 ለንደን ውስጥ ተወለዱ። አባታቸው ካፒቴን ሮበርት ስኮት ከደቡብ ዋልታ ሲመለሱ በ1912 በበረዶ መካከል ሕይወታቸው አለፈ። ለባለቤታቸው በተዉት የመጨረሻ ደብዳቤ፣ ልጃቸው ተፈጥሮን እንዲወድ አድርጋ እንድታሳድገው አደራ ብለው ነበር።

ልጁ አደራውን የጀመሩት በጠመንጃ ነው። የካምብሪጅ ተማሪ ሳሉ ረግረግ ዳር አድፍጠው ዝይና ዳክዬ ያድኑ፣ ወፎቹንም ይስሉ ነበር። በሥዕላቸው ታወቁ፤ በ1936ቱ የበርሊን ኦሊምፒክም በሸራ ጀልባ ውድድር የነሐስ ሜዳሊያ አገኙ።

የሕይወታቸው መንገድ የተቃናው በ1945 መጨረሻ ነው። በእንግሊዝ ሴቨርን ወንዝ አጠገብ፣ ስሊምብሪጅ በተባለ ሥፍራ፣ ግንባራቸው ላይ ነጭ ምልክት ያላቸው ዝዮች ክረምቱን ያሳልፋሉ፤ በአማርኛ ግንባረ ቦቃ ልንላቸው እንችላለን። ስኮት በዚህ ትልቅ መንጋ ውስጥ ብርቅ የሆነውን ዘመዳቸውን፣ ትንሹን ግንባረ ቦቃ፣ ለይተው አገኙ። ይህ ወፍ አካሉ አነስ፣ ምንቃሩ አጠር ያለ ነው፤ ነጩ ምልክት ወደ አናቱ ይዘልቃል፤ ዓይኑንም ቢጫ ቀለበት ይከበዋል። በ1946 በዚያው ሥፍራ የውሃ ወፎች ማዕከል አቋቋሙ።

አደጋውም ያለው በዚሁ መመሳሰል ውስጥ ነው። በንጋት ጭላንጭል፣ በበረራ ላይ፣ ቢጫው ቀለበት አይታይም። ብዛት ያለውን ዝይ እንዲያድን የተፈቀደለት ሰው ሳያውቅ ብርቁን ይጥላል። ለብዙኃኑ መንጋ ኢምንት የሆነው ጉዳት ለጥቂቶቹ ከባድ ነው። ስለዚህ አንዱን በስሙ ብቻ የሚከልል ሕግ፣ ሁለቱ አብረው በሚውሉበት ሜዳ ብቻውን አይበቃም። ትንሹ ግንባረ ቦቃ በኢራቅና በኢራንም ስለሚከርም፣ ጉዳዩ የዚህ አካባቢም ነው።

ስኮት ራሳቸው በሂደት ጠመንጃቸውን አስቀመጡ። ከ1964 ጀምሮ በስሊምብሪጅ የሚከርሙትን ስዋኖች በምንቃራቸው ጥቁርና ቢጫ ቅርጽ አንድ በአንድ ለይተው መዘገቡ። ወፎቹ በሕግ የተጠበቁ ቢሆኑም፣ በኋላ በራጅ ሲመረመሩ ከብዙዎቹ ሥጋ ውስጥ የጥይት እርሳስ ተገኘ።

በ1961 የዓለም የዱር እንስሳት ፈንድን ከመሠረቱት አንዱ ሲሆኑ፣ የፓንዳ ዓርማውንም የነደፉት እርሳቸው ናቸው። በ1971 በኢራን ራምሳር ከተማ የተፈረመው የረግረግ መሬቶች ስምምነት ሲዘጋጅ፣ የማዕከላቸው ባለሙያዎች ጉልህ ድርሻ ነበራቸው።

ሰር ፒተር በ1989 አረፉ። ማዕከላቸው ዛሬም ይሠራል፤ ትንሹ ግንባረ ቦቃ ግን አሁንም ለመጥፋት ከተጋለጡት ወፎች መካከል ነው።