ዊልያም ሪቻርድ ስቲቨንስ

ከእኛ መካከል የኮምፒዩተር ትምህርት የሚከታተል ተማሪ ሁሉ፣ ውሎ ሲያድር፣ ስቲቨንስ የሚል ስም የታተመበትን ወፍራም መጽሐፍ መግለጡ አይቀርም። መጽሐፉን የምናውቀውን ያህል ግን ደራሲውን አናውቀውም። ስለዚህ የሕይወቱን ታሪክ ባጭሩ ለአንባቢዎቻችን ለማቅረብ አስበናል። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ስቲቨንስ የተወለደው በ1951 ዓ.ም. በዚሁ በክፍለ ዓለማችን በአፍሪቃ፣ ያን ጊዜ ሰሜን ሮዴዥያ ትባል በነበረችው በዛሬይቱ ዛምቢያ፣ ሉዋንሽያ በምትባል የመዳብ ማዕድን ከተማ ነው። ቤተሰቡ ካንዱ አገር ወደ ሌላው አገር ይዘዋወር ስለነበረ ልጅነቱን ያሳለፈው ከፊሉን በአሜሪካ፣ ከፊሉን በደቡብ አፍሪቃ ነበር። ሁለተኛ ደረጃን በቨርጂኒያ በአንድ የወታደር ትምህርት ቤት ተምሮ ወደ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ገባና በ1973 ዓ.ም. በአየርና በጠፈር ኢንጂነሪንግ ተመረቀ። አውሮፕላን ማብረር ከልቡ የሚወደው ነገር ስለነበረ፣ በዚያ ዘመን የበረራ አስተማሪም ሆኖ ሠርቷል።

ከ1975 እስከ 1982 ዓ.ም. በአሪዞና በኪት ፒክ የከዋክብት መመልከቻ ፕሮግራም ጸሐፊ ሆኖ ሲያገለግል፣ ጐን ለጐን በአሪዞና ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን በመቀጠል በ1978 የማስተርስ፣ በ1982 የዶክተርነት ማዕርግ ተቀበለ። ቀን ሥራ ማታ ትምህርት ምን እንደሆነ የሚያውቅ አንባቢ ይህን ዐረፍተ ነገር ቶሎ አያልፈውም። ከዚያ በኋላ እስከ 1990 በኮነቲከት በአንድ የጤና አስተዳደር ኩባንያ የኮምፒዩተር ክፍል ኀላፊ ነበር። በ1990 የመጀመሪያ መጽሐፉ፣ የዩኒክስ የኔትዎርክ ፕሮግራም አጻጻፍ፣ ታተመ፤ እርሱም ወደ አሪዞና ወደ ቱሶን ተመልሶ መጻፍን ዋና ሥራው አደረገ። በ1992 በዩኒክስ ላይ ስለ ላቀ ፕሮግራም አጻጻፍ የሚናገረው ትልቁ መጽሐፍ ወጣ። ዛሬ ልናወሳ የፈለግነውም በተለይ ይህን ነው።

በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ስቲቨንስ ይህ እንዲህ ነው ብሎ ተናግሮ ብቻ አያልፍም። አንድ የሲስተሙን ጠባይ ከገለጸ በኋላ አጭር ፕሮግራም ይጽፋል፤ በሁለቱ የዩኒክስ ዘሮች፣ ከኤ ቲ ኤንድ ቲ በወጣው ሲስተም አምስትና ከበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ በወጣው ላይ፣ ምን እንደሚሆን ያሳያል፤ ውጤቱ ሲለያይም ልዩነቱን አይሸፍንም። የመምህር ቃል እየሸመደድን ላደግን ለእኛ ይህ አሠራር ራሱ ትልቅ ትምህርት ነው።

ምሳሌ እንውሰድ። በዩኒክስ ኮምፒዩተር ላይ ሰው ሳያያቸው ሌት ተቀን የሚሠሩ አገልጋይ ፕሮግራሞች አሉ፤ ደብዳቤ የሚያደርሱ፣ የኅትመት ወረፋ የሚጠብቁ፣ የሲስተሙን መዝገብ የሚጽፉ። ባለሙያዎቹ ዴሞን ይሏቸዋል፤ ስማቸው ጠበል የሚያስፈልጋቸው ቢያስመስላቸውም ጠባያቸው የአገልጋይ ነው። እንዲህ ያለው አገልጋይ ሥራ ሲጀምር ጊዜያዊ ነገሮችን ያኖራል፤ አንዱ የራሱ መለያ ቁጥር የተጻፈበት ትንሽ ፋይል፣ ሌላው ደንበኞቹ የሚያነጋግሩበት ሶኬት ነው። ችግሩ እነዚህ ነገሮች ከባለቤታቸው በኋላ መኖራቸው ነው። መብራት ድንገት ጠፍቶ ወይም ፕሮግራሙ ሳይታሰብ ሞቶ ሲገኝ ፋይሉ እዲስኩ ላይ ይቀራል። ተተኪው ሲነሣ የሟቹን ፋይል አይቶ በሥራ ላይ ያለ ሰው አለ መስሎት ይመለሳል፤ አገልግሎቱም ማንም ሳይይዘው ተዘግቶ ይውላል። የባሰም አለ። ያ ቁጥር ውሎ አድሮ ለሌላ ፕሮግራም ይሰጥና፣ ቁጥሩን አምኖ ሟቹን ሊያቆም የተነሣ አስተዳዳሪ ምንም ያላጠፋውን ይገድላል።

በስቲቨንስ መጽሐፍ ውስጥ ያለው መፍትሔ በፋይሉ መኖር አለማመን ነው። አገልጋዩ ፋይሉን ይከፍትና የመጻፍ ቁልፍ ይጥልበታል። ቁልፉን ካገኘ ብቻውን ነው፤ ካላገኘ ሌላ ሕያው አገልጋይ ይዞታልና ይመለሳል። ባለቤቱ በምንም ምክንያት ቢሞት ከርነሉ ቁልፉን ወዲያው ስለሚለቀው፣ በሟች ስም ተቆልፎ የሚቀር በር የለም። ቁልፉ ወደ ልጅ ፕሮሴስ አይወረስም፤ ስለዚህ አገልጋዩ ከወላጁ ተለይቶ ወደ ኋላ ከሄደ በኋላ እንጂ አስቀድሞ ቢቆልፍ አይጠቅመውም። ፕሮሴሱ ያንኑ ፋይል በሌላ በኩል ከፍቶ ቢዘጋውም ቁልፉ ይለቀቃል፤ ስንቱ ፕሮግራም ጸሐፊ በዚህ እንደተሰናከለ መገመት አያዳግትም።

እዚያው አንዲት ትንሽ ጥንቃቄ አለች፤ የሰውየውን ዓይን የምታሳየን እርሷ ናት። አገልጋዩ ቁጥሩን ከመጻፉ በፊት ፋይሉን ባዶ ማድረግ አለበት። የቀድሞው ቁጥር 20417 ቢሆንና አዲሱ 865 ቢሆን፣ ሳይደመሰስ በላዩ ላይ ቢጻፍበት ፋይሉ 86517 የሚል ቁጥር ይይዛል፤ የሟቹም የሕያዉም ያልሆነ ቁጥር ማለት ነው።

ከ1994 እስከ 1996 ዓ.ም. ስለ ኢንተርኔት ፕሮቶኮሎች ሦስት ቅጾች አወጣ። አንደኛው በሽቦው ላይ የሚተላለፈውን እሽግ መልእክት እየያዘ ያሳያል። ከጌሪ ራይት ጋር የጻፈው ሁለተኛው ቅጽ ግን 15,000 ያህል መስመር ያለውን የበርክሌይ ፕሮግራም መስመር በመስመር ስለሚያፍታታ፣ በእኔ አስተያየት ለጀማሪ ይከብዳል። ከ1998 ጀምሮ የመጀመሪያ መጽሐፉን እንደገና ጽፎ በሁለት ቅጽ አሳተመው፤ ሦስተኛውን ለመጨመር አስቦ ሳለ መስከረም 1 ቀን 1999 ዓ.ም. በ48 ዓመቱ ዐረፈ። ሦስተኛው ቅጽ አልተጻፈም። በ2000 ዓ.ም. ዩዜኒክስ የተባለው ማኅበር ከፍተኛ ሽልማቱን ከሞተ በኋላ ሰጠው።

እርሱ ካለፈ በኋላ የእነዚያ ጊዜያዊ ፋይሎች ማደሪያ ተለውጧል። በጥንቱ ዩኒክስ ኤትሲ በሚባለው ዲሬክቶሪ ውስጥ ይቀመጡ ነበር፤ ቀጥሎ ቫር ከሚባለው ሥር ወዳለው ራን ተዛወሩ፤ በሊኑክስ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ራን ራሱን ችሎ ከሥሩ ላይ ተተከለ። ይህ ራን በማስታወሻ ላይ እንጂ በዲስክ ላይ ስላልሆነ ኮምፒዩተሩ በተነሣ ቁጥር ባዶውን ይጀምራል፤ ያለፈው ቀን ሙታን አያድሩበትም። ግን አዲስ ችግር መጣ። ፕሮግራሙ ሲተከል አንድ ጊዜ የተሠራለት ንዑስ ዲሬክቶሪ በማግስቱ የለም፤ አገልጋዩም ለጥንቃቄ ሲባል ሥልጣኑ የተቀነሰ ተጠቃሚ ስለሆነ በራን ውስጥ ራሱ መፍጠር አይችልም። ዛሬ በብዙዎቹ የሊኑክስ ዓይነቶች አገልግሎቶችን የሚያስተዳድረው ሲስተምዲ፣ ራንታይም ዲሬክቶሪ በሚል አንድ መስመር ትእዛዝ፣ አገልጋዩ ከመነሣቱ በፊት ማደሪያውን ይሠራለታል፣ በአገልጋዩ ስም ያደርግለታል፣ ሲቆምም ያፈርሰዋል። ይህን ትቶ ቴምፕ በሚባለው፣ ሁሉም ሰው በሚጽፍበት የጋራ ቦታ ጊዜያዊ ፋይሉን የሚያኖር ሰው ሁለት አደጋ አለበት፤ ስሙን የገመተ ክፉ ጐረቤት ቀድሞ ወጥመድ ያኖርበታል፣ አለዚያም 10 ቀን ያልተነካውን ሁሉ የሚጠርገው ጽዳት የሕያዉን ንብረት ይወስድበታል።

የ1992ቱ መጽሐፍ በስቲቨን ራጎ እጅ በ2005 እና በ2013 ዓ.ም. ታድሶ ወጥቷል። የቁልፉ ፕሮግራም አሁን ስለ ዴሞን በሚናገረው ምዕራፍ ውስጥ ይገኛል፤ የሚቆልፈውም ፋይል አድራሻ ቫር ራን እንደሆነ ነው። በሊኑክስ ላይ ቫር ራን ዛሬ ወደ አዲሱ ራን የሚያመለክት ማያያዣ ብቻ ስለሆነ፣ ፕሮግራሙ ሳይነካ ይሠራል።