አባ ሁዋን ደ ፕላሴንሲያ፦ የሕዝቡን ቋንቋ የተማሩ መምህር

ስለ ክርስትና በፊሊፒን ደሴቶች መስፋፋት ስንናገር የአባ ሁዋን ደ ፕላሴንሲያን ስም ሳናነሣ ማለፍ አንችልም። እኚህ የፍራንቸስካውያን ማኅበር ካህን ከስፔን ተነሥተው እ.ኤ.አ. በ1578 ማኒላ ሲደርሱ፣ የስፔን አገዛዝ በደሴቶቹ ላይ ከጀመረ ገና 13 ዓመቱ ነበር። በዚያን ጊዜ በልዑካነ ወንጌል ፊት አንድ ከባድ ጥያቄ ተደቅኖ ነበር፤ ሕዝቡ እምነቱን ለመቀበል አስቀድሞ የስፔንን ቋንቋ ይማር ወይስ መምህሩ ራሱ የሕዝቡን ቋንቋ ይማር?

አባ ሁዋን ሁለተኛውን መንገድ መረጡ። ከማኅበር ወንድማቸው ከአባ ዲየጎ ደ ኦሮፔሳ ጋር በላጉና ሐይቅ ዙሪያ ባሉት መንደሮች እየተዘዋወሩ አስተማሩ፤ ተበታትኖ ይኖር የነበረውንም ሕዝብ በከተሞች አሰባሰቡ። ታጋሎግ የተባለውን ቋንቋ አጥንተው ሰዋስውና ትምህርተ ክርስቶስ አዘጋጁበት። የማኒላ የመጀመሪያው ጳጳስ አቡነ ዶሚንጎ ደ ሳላሳር የሰበሰቡት የ1582 ሲኖዶስ ስብከተ ወንጌል በአገሩ ቋንቋ እንዲካሄድ ሲወስን፣ የአባ ሁዋን ሥራም ጸደቀ። በ1589 ስለ ታጋሎጎች ልማድ የጻፉት ጽሑፍ ዛሬም ለታሪክ ጸሐፊዎች ምንጭ ነው።

አባ ሁዋን በ1590 በሊሊው ከተማ ዐረፉ። ከ3 ዓመት በኋላ ግን በእንጨት ላይ ተቀርጾ «ዶክትሪና ክርስቲያና» የተሰኘው መጽሐፍ በማኒላ ታተመ። ብዙ ተመራማሪዎች የዚህ መጽሐፍ መሠረት የእርሳቸው ሥራ እንደሆነ ያምናሉ። መጽሐፉ በስፓኒሽና በታጋሎግ የተዘጋጀ ሲሆን፣ ታጋሎጉ በላቲን ፊደልም፣ ባይባዪን በተባለው በሕዝቡ የቀድሞ ፊደልም ተጽፏል። ተርፎ የሚታወቀው አንድ ቅጂ ዋሽንግተን በሚገኘው የአሜሪካ ምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት ተጠብቆ ይገኛል።

በዚህ መጽሐፍ ውስጥ አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። አባትን «አማ»፣ ሰማይን «ላንጊት»፣ ኃጢአትን «ካሳላናን» የሚሉት ቃላት የሕዝቡ የራሱ ናቸው። አምላክን «ዲዮስ»፣ መንፈስ ቅዱስን «እስፒሪቱ ሳንቶ» የሚሉት ግን ሳይተረጐሙ ከስፓኒሽ ገብተዋል። ልማዳዊው አምልኮ ከአዲሱ እምነት ጋር እንዳይደባለቅ በመስጋት፣ መምህራኑ ዋና ዋናዎቹን የእምነት ቃላት እንዳሉ መተዉን ይመርጡ ነበር።

የስፔን አገዛዝ በ1898 አበቃ። ስፓኒሽ የብዙኃኑ ሕዝብ የዕለት ተዕለት መነጋገሪያ ሳይሆን ቀረ፤ ቃላቱ ግን በሕዝቡ ቋንቋዎች ውስጥ ቤታቸውን ሠሩ። ፊሊፒናውያን ዛሬም ሲገናኙ «ኩሙስታ» ብለው ደኅንነት ይጠያየቃሉ፤ ጠረጴዛን «መሳ»፣ መስኮትን «ቢንታና» ይላሉ፤ ሰዓትንም በስፓኒሽ ቁጥር ይቈጥራሉ። ልደትን «ፓስኮ» የሚሉት «ፓስኩዋ» ከሚለው የስፓኒሽ የበዓል ስም ወስደው ነው። ከገና በፊት ያሉትን የ9 ቀናት ቅዳሴዎች ግን በራሳቸው ቃላት «ሲምባንግ ጋቢ» ብለው ይጠሯቸዋል። በሳምቦዋንጋ ደግሞ ከስፓኒሽና ከአገሩ ቋንቋዎች የተወለደው ቻባካኖ ይነገራል።

እንግዲህ ትምህርተ ክርስቶስ የምናስተምር ሁላችን ከአባ ሁዋን ሕይወት የምንማረው አለ። መምህሩ የሕዝቡን ቋንቋ ለመማር ራሱን ዝቅ ባደረገበት ስፍራ የሕዝቡ ቋንቋ አልጠፋም፤ እንግዳው ቃልም እንደ ቤተሰብ ተቈጥሮ ኖረ። ልጆቻችንን ስናስተምር የትኛውን ቃል መተርጐም፣ የትኛውንም እንዳለ ጠብቀን ማስረዳት እንደሚገባን ዘወትር በጥንቃቄ እንመርምር።