አባ ጎርጎርዮስና የአማርኛ ሰዋስው

አባ ጎርጎርዮስ የተወለዱት በ1595 እ.ኤ.አ. ገደማ በቀድሞው የአማራ ግዛት፣ በዛሬው ወሎ፣ መካነ ሥላሴ በሚባለው ስፍራ ነው። የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው አማርኛ ነበር። በዚያን ዘመን አማርኛ በቤተ መንግሥትና በአደባባይ የሚነገር ቋንቋ ሲሆን፣ መጻሕፍት የሚጻፉት፣ ትምህርትም የሚሰጠው በግዕዝ ነበር። ስለዚህ ማንም ተማሪ ሰዋስው ብሎ የሚማረው የግዕዙን እንጂ የአማርኛውን አልነበረም። አማርኛን ሰው ሁሉ ከእናቱ አፍ ይማረው ስለነበር፣ ሕጉን መርምሮ በመጽሐፍ ማስፈር ያስፈልጋል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

የአባ ጎርጎርዮስ የጎልማሳነት ዘመን ሀገሪቱ በሃይማኖት ጠብ የታወከችበት ነበር። ዐፄ ሱስንዮስ የሮማን ሃይማኖት በመቀበላቸው በመንግሥቱና በሕዝቡ መካከል ብዙ ደም ፈሰሰ። በ1632 እ.ኤ.አ. ሱስንዮስ የቀድሞው ሃይማኖት እንዲመለስ አውጀው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ከጥቂት ጊዜም በኋላ የየሱሳውያን ሚሲዮናውያን ከሀገር እንዲወጡ ተደረገ። አባ ጎርጎርዮስ የሮማን ሃይማኖት ከተቀበሉት ኢትዮጵያውያን አንዱ ስለነበሩ የስደት ኑሮ ዕጣቸው ሆነ። ከብዙ መንከራተት በኋላም ሮማ ከተማ ደርሰው፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ በሚገኘው በኢትዮጵያውያን ማረፊያ፣ በቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም ተቀመጡ። ይህ ገዳም ከዚያ አንድ መቶ ዓመት ቀደም ብሎ አባ ተስፋ ጽዮን የግዕዝ ሐዲስ ኪዳንን ያሳተሙበት ስለነበር፣ ስሙ በአውሮፓ ሊቃውንት ዘንድ የታወቀ ነበር።

በ1649 እ.ኤ.አ. ሂዮብ ሉዶልፍ የተባለ ጀርመናዊ ወጣት ወደዚህ ገዳም መጣ። ሉዶልፍ በኤርፉርት ከተማ በ1624 እ.ኤ.አ. የተወለደ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ቋንቋ መማር የሚወድ ሰው ነበር። ዕብራይስጥና ዐረብኛ ከመማሩም ሌላ፣ በእጁ የገቡትን ጥቂት የታተሙ መጻሕፍት እየመረመረ ግዕዝን ያለ መምህር ማንበብ ጀምሮ ነበር። ይሁን እንጂ ግዕዝ ሲነገር ሰምቶ አያውቅም። አባ ጎርጎርዮስም በበኩላቸው ላቲን አያውቁም ነበር። ስለዚህ ሁለቱ ሰዎች የመጀመሪያ ንግግራቸውን ያደረጉት፣ ለአንደኛው የጸሎትና የመጻሕፍት፣ ለሁለተኛው የወረቀት ብቻ በነበረው በግዕዝ ነበር።

ወጣቱ በቶሎ የተገነዘበው አንድ ነገር ነበር። መጽሐፍ የቋንቋን ግማሽ ብቻ ያስተምራል። የጠ፣ የጨ፣ የጸና የቀ ድምፆች ለአውሮፓዊ ጆሮ እንግዳ ናቸው፤ ከተናጋሪ አፍ ካልተሰሙ በስተቀር በፊደል ገለጻ ብቻ አይያዙም። መጥበቅና መላላትም በፊደላችን አይታይም። ገና የሚለው ቃል ሲላላ እስካሁን ድረስ ማለት ነው፤ ሲጠብቅ ደግሞ የልደት በዓል ነው። አለ ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይገኛል ማለት ይሆናል። እንዲህ ያለውን ልዩነት ሊያስረዳ የሚችለው ቋንቋው የተወለደበት ሰው ብቻ ነው።

ሉዶልፍ ወደ ሀገሩ ከተመለሰ በኋላ የጎታው መስፍን ኤርንስት ስለ ኢትዮጵያ ማወቅ ስለፈለገ፣ አባ ጎርጎርዮስ ወደ ጀርመን አገር ተጠሩ። በ1652 እ.ኤ.አ. የአልፕስን ተራሮች ተሻግረው ደረሱ፤ ሉዶልፍም በኑረምበርግ ተቀበላቸው። በጎታ ቆይታቸው ስለ ኢትዮጵያ መልክዐ ምድር፣ ስለ ነገሥታቱ፣ ስለ ቤተ ክርስቲያኑና ስለ ሕዝቡ ልማድ ለሚጠየቁት ሁሉ መልስ ሰጡ። ከዚህም ጋር የግዕዙና የአማርኛው ትምህርት ቀጠለ።

ይሁን እንጂ ቋንቋን መናገርና የቋንቋን ሕግ ማስረዳት ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። አባ ጎርጎርዮስ አማርኛን ያለ አንዳች ስሕተት ይናገሩ ነበር፤ ነገር ግን ቋንቋን እንደ አውሮፓውያን ሥርዓት በሠንጠረዥ ከፋፍሎ ማስተማር ለእርሳቸው አዲስ ነበር። ሉዶልፍም ደንቡን እንጂ ቋንቋውን አያውቅም ነበር። ስለሆነም ሥራው የሚሳካው አንዱ ሲጠይቅ፣ ሌላው ሲመልስ ብቻ ነበር። መምህሩም ተማሪውም እርስ በርሳቸው ተማማሩ።

ሉዶልፍ ይዞት የመጣው መከፋፈያ የላቲን ሰዋስው ነው። የቃላትን ክፍሎች ስምንት አድርጎ መቁጠር ከጥንት ግሪኮች ተጀምሮ በላቲን በኩል ወደ ሌሎች የአውሮፓ ቋንቋዎች ያለፈ ልማድ ነው። በኋላ ዘመን በእንግሊዝኛ ትምህርት የተለመዱት ስም፣ ተውላጠ ስም፣ ቅጽል፣ ግሥ፣ ተውሳከ ግሥ፣ መስተዋድድ፣ መስተጻምርና ቃለ አጋኖ ከዚሁ ልማድ የወጡ ናቸው።

ይህ አከፋፈል ለአማርኛ ሁልጊዜ አይመችም። ለምሳሌ አልነገርኳችሁም የሚለው አንድ ቃል ብቻ ነው። ሆኖም አሉታውን፣ ግሡን፣ ተናጋሪውንና የሚነገራቸውን ሰዎች ሁሉ በአንድነት ይዟል። በእንግሊዝኛ ግን ይኸው አሳብ አምስት ቃላት ያስፈልጉታል። እንደዚሁም ለቤታችን በሚለው ቃል ውስጥ መስተዋድድ፣ ስምና ባለቤትነትን የሚያመለክት ምዕላድ ተጣምረው ይገኛሉ። እንዲህ ያለውን ቃል ፈታትቶ እያንዳንዱን ክፍል በስሙ መጥራት የሚቻለው ቃሉን እየለዋወጡ ደጋግሞ በመጠየቅ ነው። ሉዶልፍን የረዳው የዕብራይስጥና የዐረብኛ ዕውቀቱ ነበር። ነገረ፣ ተነገረ፣ አስነገረ፣ ተነጋገረ የሚሉት ግሦች ከአንድ ሥር የወጡ መሆናቸው ለእርሱ እንግዳ አልነበረም።

አባ ጎርጎርዮስ በጀርመን አገር ብዙ አልቆዩም፤ በዚያው ዓመት ወደ ኢጣልያ ተመለሱ። ከዚያ በኋላም ወዳጅነቱ በደብዳቤ ቀጠለ። ከዓመታት በኋላ የትውልድ አገራቸው ናፍቆት ስለበረታባቸው ወደ ኢትዮጵያ ለመመለስ በመርከብ ተሳፈሩ። ነገር ግን በ1658 እ.ኤ.አ. በሜዲትራንያን ባሕር ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ በእስክንድሮና አጠገብ መርከባቸው ተሰብሮ ሰጥመው ሞቱ። አገራቸውንም፣ የድካማቸውንም ፍሬ ሳያዩ ቀሩ።

ከሞታቸው ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1661 እ.ኤ.አ. የሉዶልፍ የግዕዝ መዝገበ ቃላትና ሰዋስው በለንደን ታተመ። በ1681 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ ታሪክ የተባለው መጽሐፉ ወጣ። በ1698 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአማርኛ ሰዋስውና የአማርኛ ላቲን መዝገበ ቃላት በፍራንክፈርት ታተሙ። አማርኛ የራሱ የታተመ የሰዋስው መጽሐፍ ሲኖረው ይህ የመጀመሪያው ነበር። ሉዶልፍ ዕውቀቱን ከማን እንዳገኘ አልሸሸገም፤ የመምህሩን ስም በመጻሕፍቱ ውስጥ በክብር ጠቅሷል። በ1691 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍም የአባ ጎርጎርዮስን ሥዕል አወጣ። በዚህም ምክንያት መልካቸው እስከ ዛሬ ይታወቃል።

የአማርኛ ሰዋስው ጥናት ከዚያ ወዲህ ብዙ ተጉዟል። ኢዘንበርግ በ1842 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ የተጻፈ የአማርኛ ሰዋስው በለንደን አሳተመ። ብላታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ የጻፉት የአማርኛ ሰዋስው በ1948 ዓ.ም. ታትሞ ለብዙ ተማሪዎች መማሪያ ሆነ፤ በእርሱም ስምንቱ የቃላት ክፍሎች በአማርኛ ስማቸው ተተነተኑ። ከዚያ በኋላ የተነሡ ምሁራን ደግሞ የአማርኛን ጠባይ በራሱ ሕግ በመመርመር የክፍሎቹን ቁጥር ቀንሰዋል። የዚህ ሁሉ መነሻ ግን በሩቅ አገር፣ በባዕድ ሰው ጥያቄ ተነሳስተው የእናታቸውን ቋንቋ ቃል በቃል የፈተሹት ስደተኛ መነኩሴ ናቸው። የሚናገሩትን ቋንቋ እንደ አዲስ መመርመር ምን ያህል ፍሬ እንደሚያፈራ የአባ ጎርጎርዮስ ሕይወት ያስተምራል።

ጥያቄዎች

1. በአባ ጎርጎርዮስ ዘመን የአማርኛ ሰዋስው ያልተጻፈው ለምንድን ነው?
2. ሉዶልፍ ግዕዝን ከመጻሕፍት ቢማርም መምህር ያስፈለገው ለምን ነበር?
3. ቋንቋን መናገርና የቋንቋን ሕግ ማስረዳት በምን ይለያያሉ? ምሳሌ በመስጠት አስረዱ።
4. አልመጣንላቸውም የሚለውን ቃል በክፍል በክፍሉ ለያይታችሁ አሳዩ። ይኸንኑ አሳብ በእንግሊዝኛ ጽፋችሁ የቃላቱን ብዛት አወዳድሩ።