አልዶ ሊዮፖልድ፦ ከተኩላ አጥፊነት ወደ ዱር መላሽነት

የጠፉ ሀገር በቀል እንስሳትንና ዕፅዋትን ወደ ቀድሞ መኖሪያቸው ስለመመለስ በሚጻፉ ጥናቶች የአልዶ ሊዮፖልድ ስም በተደጋጋሚ ይነሣል። አሜሪካዊው የደን ባለሙያ ብዙውን ጊዜ የሚታወሰው በአንድ ትዕይንት ነው፦ በወጣትነቱ አንዲት ተኩላ ተኩሶ ይጥላል፤ በምትሞተው እንስሳ ዓይን ውስጥ እየከሰመ የሚሄደውን ብርሃን ያያል፤ ከዚያም ልቡ ይመለሳል። ትዕይንቱ ከራሱ ብዕር የወጣ ነው። ይሁንና በተኩሱና ስለ ተኩሱ በጻፈበት ጊዜ መካከል 35 ዓመት አለ። የዚህ ሰው ሕይወት ለዛሬ ተመራማሪ የሚሰጠው ትምህርትም የሚገኘው በእነዚያ 35 ዓመታት እንጂ በዚያች ቅጽበት አይደለም። ይህ አጭር ጽሑፍ ያንን ረጅም መንገድ ይከተላል (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

ሊዮፖልድ ጃንዋሪ 11 ቀን 1887 በአዮዋ ግዛት በበርሊንግተን ከተማ፣ ቁልቁል ወደ ሚሲሲፒ ወንዝ በሚመለከት ኮረብታ ላይ ተወለደ። ቤተሰቡ የጀርመን ዝርያ ያለው ሲሆን አባቱ የጽሕፈት ጠረጴዛ ያመርት ነበር። አባቱ አዳኝም ነበር፤ ነገር ግን ሕግ ከመደንገጉ በፊት በገዛ ፈቃዱ የሚያድነውን የወፍ ቁጥር የገደበ አዳኝ ነበር። ልጁ ከእርሱ ጋር በረግረጉ ሲዘዋወር ያደገ ሲሆን በ1909 ከየል የደን ትምህርት ቤት የማስተርስ ዲግሪውን አገኘ። ትምህርት ቤቱ የተቋቋመው በጊፎርድ ፒንሾ ቤተሰብ ገንዘብ ነው። የሚያስተምረውም ደን በዕውቀት ተመርቶ ለዘለቄታው ምርት ሊሰጥ የሚገባው ሀብት መሆኑን ነበር።

በዚያው ዓመት የአሜሪካ የደን አገልግሎት ሠራተኛ ሆኖ በአሪዞና ወደሚገኘው አፓቼ ብሔራዊ ደን ተላከ። በመጀመሪያው የሥራ ወቅት የእንጨት ክምችት የሚለካ ቡድን ይመራ ነበር፤ ተኩላዎቹን ያገኙትና የተኮሱባቸውም ያን ጊዜ ነው። ወደ ቤተሰቡ በላከው ደብዳቤ ጉዳዩ የሰፈረው እንደ ማንኛውም የሥራ ወሬ በአጭሩ ነው፤ ጸጸትም ሆነ መደንገጥ አይታይበትም። ይህ ሊያስገርም አይገባም። ግራጫው ተኩላ፣ ማለትም የኢትዮጵያው ቀይ ቀበሮ ዘመድ፣ በዚያ ዘመን የከብት አርቢው ጠላትና የአጋዘን አዳኙ ተቀናቃኝ ተደርጎ ይታይ ነበር። የፌዴራሉ መንግሥትም ከ1915 ጀምሮ አዳኝ እንስሳትን የሚያጠፉ ደመወዝተኞች በየተራራው አሰማራ።

ሊዮፖልድ በዚህ ረገድ ዘመኑን የተከተለ ብቻ አልነበረም፤ ከዘመኑም ቀድሞ ይሮጥ ነበር። በኒው ሜክሲኮ የአደን እንስሳት ተንከባካቢ ማኅበራትን አደራጀ፤ ጋዜጣቸውንም አዘጋጀ። አርቢውንና አዳኙን የሚያስማማ የጋራ ጠላት አድርጎ ያቀረበውም ተኩላንና የተራራ አንበሳን ነው። በ1920 በአንድ ብሔራዊ ጉባኤ ላይ ሲናገር የማጥፋቱ ሥራ ጥቂቶች በቀሩበት ጊዜ መቆም እንደሌለበት፣ በግዛቲቱ የመጨረሻው ተኩላ እስኪጠፋ ድረስ መቀጠል እንዳለበት አሳሰበ። በተኩሱ ጊዜ ልቡ ተመልሶ ቢሆን ኖሮ፣ ከ11 ዓመት በኋላ የተደረገውን ይህን ንግግር ማስረዳት አይቻልም።

ከተኩላው ይልቅ ቀድሞ ያስተማረው አፈሩ ነው። በ1912 በኒው ሜክሲኮ የታወቀ የበግ አርቢ ቤተሰብ ልጅ የሆነችውን ኤስቴላ ቤርዤርን አገባ። በዓመቱ የግጦሽ ውዝግብ ለመፍታት በፈረስ ሲዘዋወር ብርድና ዝናብ መታው፤ ኩላሊቱ ታሞ ለሞት ተቃረበ፤ ከአንድ ዓመት በላይም ከሥራ ራቀ። ካገገመ በኋላ የደኖች ተቆጣጣሪ ሆኖ ሲዘዋወር በየሸለቆው ያየው ተመሳሳይ ነገር ነበር። በአሪዞና የብሉ ሪቨር ሸለቆ ሰፋሪዎች ከብቶቻቸውን ካስገቡ በኋላ ሣሩና የወንዙ ዳር ቁጥቋጦ አለቀ፤ ጎርፉም አብዛኛውን የእርሻ መሬት ጠርጎ ወሰደ። ከዚህ በኋላ ሊዮፖልድ ስለ አጋዘን ብቻ ሳይሆን ስለ ውኃ፣ ስለ ሣርና ስለ ቦረቦር አንድ ላይ መጻፍ ጀመረ። በ1924 የደን አገልግሎቱ የእርሱን ሐሳብ ተቀብሎ በኒው ሜክሲኮ ከ300 ሺህ ሄክታር በላይ የሆነውን የሂላን ምድር መንገድ የማይቀደድበት ጥብቅ ዱር አድርጎ ከለለ። ይህ በዓለም የመጀመሪያው እንዲህ ያለ ክልል እንደሆነ ብዙ ጊዜ ይነገራል። እምብዛም የማይነገረው ግን ክልሉ በዋነኛነት የታሰበው በፈረስ ለሚጓዙ አዳኞች መሆኑና በዚያው ጊዜ በዚያው ተራራ ላይ ተኩላ መገደሉ አለመቆሙ ነው። ዱር ሲከለል ዱር የሚያሰኘው እንስሳ እየወጣ ነበር።

በዚያው ዓመት ወደ ማዲሰን፣ ዊስኮንሲን ተዛወረ። የሰሜን መካከለኛ ግዛቶችን የአደን እንስሳት ሁኔታ ካጠና በኋላ በ1933 «የአደን እንስሳት አያያዝ» የተባለውን መጽሐፍ አሳተመ፤ በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲም በመስኩ የመጀመሪያውን የፕሮፌሰርነት ወንበር ያዘ። መጽሐፉ የእንስሳት ቁጥር የሚወሰነው በመኖሪያቸው ሁኔታ እንጂ በጥይት ብዛትና ማነስ ብቻ እንዳልሆነ ያስረዳል። አዳኝ እንስሳትን በተመለከተ ግን ገና በመሸጋገሪያ ላይ ነበር፤ ማጥፋትን ቢተውም እንደሚቆጣጠሩት መጠን ብቻ ያያቸው ነበር።

ሐሳቡን ያናወጡት ሁለት ጉዞዎች ናቸው። በ1935 ለሦስት ወር ያህል ጀርመንን ጎበኘ። ያየው በመስመር የተተከለ፣ በአንድ ዓይነት ዛፍ የተሞላ፣ ከሥሩ ቁጥቋጦ የሌለው ደን ነው። አጋዘኖቹ ብዙ ቢሆኑም በክረምት በሰው እጅ እየተመገቡ የሚኖሩ ነበሩ፤ ተኩላ ከጠፋ ቆይቷል። በየል የተማረው ሥርዓት መነሻው ጀርመን ስለነበር፣ ሊዮፖልድ የተመለከተው የገዛ ሙያውን ፍጻሜ ነበር ማለት ይቻላል። በ1936 ደግሞ በሜክሲኮ ቺዋዋ ግዛት ወደሚገኘው የሪዮ ጋቢላን ተፋሰስ ለአደን ሄደ። በአሪዞና ካለው ተራራ ጋር ተመሳሳይ የሆነው ይህ ምድር ከብት አልበዛበትም፤ ተኩላውና የተራራ አንበሳው አልጠፋም። አጋዘኑ ግን አላለቀም፤ ከመጠን በላይም አልበዛም፤ ጅረቱ ጥርት ያለ፣ ዳርና ዳሩ በሣር የተሸፈነ ነበር። ጤነኛ መሬት ምን እንደሚመስል ያየው በዚያን ጊዜ ነው። ለ15 ዓመታት የሠራበት የአሪዞናና የኒው ሜክሲኮ ምድር ታማሚ መሆኑን በእርግጠኝነት የተናገረውም ማነጻጸሪያ ካገኘ በኋላ ነው።

እነዚህ ሁለት ጉዞዎች በተደረጉበት ወቅት ሊዮፖልድ በመሬት ላይ የተጨበጠ ሥራ ጀምሮ ነበር፤ የሕይወቱ ፍሬ ነገርም እዚህ ላይ ይመስላል። ዩኒቨርሲቲው በ1934 አዲስ የዕፅዋት ማዕከል ሲመርቅ፣ ዓላማው የዓለምን ዛፍ መሰብሰብ ሳይሆን ዊስኮንሲን ነጭ ሰፋሪ ከመምጣቱ በፊት ምን ትመስል እንደነበር የሚያሳይ ናሙና መልሶ መሥራት መሆን አለበት ብሎ ተከራከረ። በኢኮኖሚ ድቀቱ ዘመን መንግሥት ያሰማራቸው ወጣት ሠራተኞች ከቀሩት የፕሬሪ ቁራጮች የሣር መደብ ከነሥሩ እየቆረጡ በተተወ እርሻ ላይ ተከሉ። ፕሬሪ የሚባለው ረጅም ሣርና አበባ የሞላበት ሜዳ ሲሆን፣ በጊዜው ፈጽሞ ከመጥፋት ደርሶ ነበር። ተከላው ግን ብቻውን አልበቃም፤ ከውጭ የመጣው ሣር እየገባ አስቸገረ። መፍትሔው የተገኘው በ1940ዎቹ ጆን ከርቲስና ባልደረቦቹ ሜዳውን በየጊዜው እያቃጠሉ በሞከሩት ጥናት ነው። የጎደለው ዘሩ ብቻ ሳይሆን እሳቱም ነበር።

የራሱ መሬት ደግሞ በዊስኮንሲን ወንዝ ዳር በ1935 የገዛው 32 ሄክታር ያህል አሸዋማ እርሻ ነው። አፈሩ ተሟጦ ባለቤቱ የተወው፣ ቤቱም የተቃጠለ ስለነበር ቤተሰቡ ያረፈው የዶሮ ቤት በነበረች ጎጆ ውስጥ ነው። ሊዮፖልድ፣ ኤስቴላና አምስቱ ልጆቻቸው በየሚያዝያው በሺዎች የሚቆጠሩ የፓይን ችግኞችን ይተክሉ ነበር። በ1936 ከባድ ድርቅ መጣና በዚያ ዓመት የተተከሉት ከሞላ ጎደል ሁሉ ደረቁ። በተከታዩም ዓመት ተከሉ። በኋላ የተረፉትን ደግሞ ጥንቸሉና አጋዘኑ በላቸው። ሊዮፖልድ የእያንዳንዱን ወቅት ኪሳራ፣ የአበቦችን መፈንዳትና የወፎችን መመለስ በቀን በቀኑ መዝግቧል። መዝገቡ ዋጋው ያኔ አልታወቀም። ልጁ ኒና ምልከታውን በዚያው እርሻ ላይ ቀጥላ በ1999 ከባልደረቦቿ ጋር ያሳተመችው ጥናት፣ በ61 ዓመት ውስጥ በርካታ የጸደይ ክስተቶች ወደ ፊት መቅደማቸውን አሳየ።

ከሁሉ የከበደው ፈተና ግን ከችግኝ ሳይሆን ከሕዝብ መጣ። ተኩላ በተመናመነበት ሰሜን ዊስኮንሲን አጋዘን ከመጠን በላይ በዝቶ በክረምት በረሃብ ይረግፍ፣ አዲስ የሚበቅለውንም ዛፍ ሁሉ ይጨርስ ነበር። በ1943 የግዛቲቱ የተፈጥሮ ጥበቃ ኮሚሽን አባል ሆኖ የተሾመው ሊዮፖልድ እንስት አጋዘኖችም እንዲታደኑ ደገፈ፤ በዚያ ወቅት ከ100 ሺህ በላይ አጋዘኖች ተገደሉ። አዳኞች፣ የቱሪስት ማረፊያ ባለቤቶችና አንድ ለዚሁ የተቋቋመ ጋዜጣ ለዓመታት ዘመቱበት። እርሱን የሚቃወሙት ሰዎች የያዙት ሐሳብ ከ20 ዓመት በፊት እርሱ ራሱ ያስተማረው ነበር፦ አጋዘን በበዛ ቁጥር መልካም ነው የሚለው።

በዚሁ ክርክር መካከል ነው ስለ ተኩላዋ የጻፈው። የቀድሞ ተማሪውና ሠዓሊ የነበረው አልበርት ሆክባም የመጽሐፉን ረቂቅ አንብቦ፣ ጸሐፊው ሁልጊዜ ትክክለኛ የነበረ ሰው መስሎ እንደሚታይና በተኩላው መጥፋት የራሱን ድርሻ እንዳልተናዘዘ አሳሰበው። ሊዮፖልድ በመጀመሪያ ቢያመነታም ምክሩን ተቀብሎ በ1944 «እንደ ተራራ ማሰብ» የተባለውን አጭር ጽሑፍ አዘጋጀ። ጽሑፉ የረጅም ዓመታትን መማር ወደ አንድ ቀን ሰብስቧል፤ ለሥነ ጽሑፍ ኃይል ሰጥቶታል፣ ለታሪክ ግን አሳስቷል። በተመሳሳይ ወቅት ስለ ሰሜን አሜሪካ ተኩላዎች የታተመ አንድ ትልቅ መጽሐፍ ሲገመግም፣ ከሌላ ስፍራ የሚወገዱት ተኩላዎች ለምን ተይዘው ወደ የሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ እንዳልተመለሱ ጠየቀ። በፓርኩ የመጨረሻዎቹ ተኩላዎች የተገደሉት በ1926 ነው፤ ጥያቄውን የሰማ ግን አልነበረም።

ኤፕሪል 14 ቀን 1948 የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት የድርሰቶቹን ስብስብ ለማሳተም መወሰኑን በስልክ ተነገረው። ከሳምንት በኋላ በጎረቤት እርሻ ላይ የተነሣ የሣር ቃጠሎ ለማጥፋት ሲረዳ ልቡ ቆሞ በ61 ዓመቱ ሞተ። መጽሐፉ በልጁ በሉና አዘጋጅነት በ1949 «የሳንድ ካውንቲ አልማናክ» ተብሎ ወጣ።

በዊስኮንሲን ተኩላ ለገደለ የሚሰጠው ሽልማት እስከ 1957 ቆይቶ እንስሳው ከግዛቲቱ ጠፋ፤ በ1970ዎቹ ግን ማንም ሳያመጣው ከሚኒሶታ በራሱ እግር ተመለሰ። ወደ የሎውስቶን ከካናዳ የመጡት የመጀመሪያዎቹ ተኩላዎች የገቡት በ1995 ነው፤ ሊዮፖልድ ከጠየቀ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ። በ1998 ደግሞ በምርኮ የተራቡ 11 የሜክሲኮ ተኩላዎች በአፓቼ ብሔራዊ ደን ተለቀቁ፤ በርካቶቹ በዚያው ዓመት በሰው ጥይት ወደቁ፤ ሌሎች ተተክተው መርሐ ግብሩ ቀጠለ።

ተመራማሪዎች በሊዮፖልድ ማስረጃዎች ላይ አሁንም ይከራከራሉ። አዳኝ እንስሳት ሲጠፉ አጋዘን እንደሚያጥለቀልቅ ለማሳየት የተጠቀመበት የካይባብ አምባ ምሳሌ፣ ቁጥሮቹ አስተማማኝ አይደሉም ተብሎ በ1970 በግሬም ኮግሊ ተተችቷል። በየሎውስቶንም ተኩላ ከተመለሰ በኋላ ጥናቶች ያገኙት ውጤት ወጥ አይደለም። በአንዳንድ ስፍራ የአኻያ ቁጥቋጦው አገግሟል። ቢቨር ጠፍቶ ግድቦቹ በፈረሱባቸው ትናንሽ ጅረቶች ግን የወንዙ ወለል ቁልቁል ተቦርቡሯል፤ የከርሰ ምድር ውኃውም ርቋል፤ ስለዚህ የሚግጠው እንስሳ ቢቀንስም አኻያው አጭር ሆኖ ቀርቷል።