ቻርልስ ቶምሰን ሪስ ዊልሰን

ቻርልስ ቶምሰን ሪስ ዊልሰን (እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 14 ቀን 1869 እስከ ኖቬምበር 15 ቀን 1959) የስኮትላንድ ተወላጅ የፊዚክስና የአየር ሁኔታ ተመራማሪ ነበር። ከአቶም ያነሱ ቅንጣቶች የሚያልፉበትን መንገድ ለመጀመሪያ ጊዜ ለዓይን ያሳየውን «የደመና ክፍል» የተባለውን መሣሪያ የሠራው እርሱ ነው። ስለዚህም ሥራው የ1927ን የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ከአሜሪካዊው አርተር ኮምፕተን ጋር ተካፍሏል። (በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ልጅነትና ትምህርት

ዊልሰን የተወለደው በኤድንበራ ከተማ አካባቢ በግሌንኮርስ ሲሆን አባቱ በግ አርቢ ገበሬ ነበር። የአራት ዓመት ልጅ ሳለ አባቱ ስለ ሞተ ቤተሰቡ ወደ እንግሊዝ፣ ወደ ማንችስተር ከተማ ተዛወረ። እዚያም ሐኪም ለመሆን አስቦ በኦውንስ ኮሌጅ ተማረ። በ1888 ወደ ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ከገባ በኋላ ግን ወደ ፊዚክስ አዘነበለ።

ከተራራው ደመና ወደ ቤተ ሙከራ

በሴፕቴምበር 1894 በብሪታንያ ከፍተኛ በሆነው በቤን ኔቪስ ተራራ ጫፍ በነበረው የአየር ሁኔታ መመልከቻ ጣቢያ ሁለት ሳምንት ሠራ። ፀሐይ በደመና ላይ ስታበራ በሰው ጥላ ዙሪያ የሚታዩት ባለ ቀለም ቀለበቶች እጅግ አስደነቁት። ወደ ካምብሪጅ ሲመለስ ይህን ትርኢት ለማጥናት በመስታወት ዕቃ ውስጥ ደመና መሥራት ጀመረ።

እርጥብ አየር በድንገት ሲሰፋ ይቀዘቅዛል፤ በውስጡ ያለው የውሃ ተንም በአቧራ ብናኝ ላይ ተሰብስቦ ጠብታ ይሆናል። ዊልሰን ግን አቧራው ከአየሩ ፈጽሞ ከተወገደ በኋላም፣ አየሩ ከመጀመሪያው መጠኑ 1.25 እጥፍ ያህል እንዲሰፋ ሲደረግ ጠብታዎች እንደሚፈጠሩ አገኘ። በ1896 በዚያን ጊዜ አዲስ ግኝት የነበረውን የኤክስሬይ ጨረር በዕቃው ውስጥ ሲያሳልፍ ጠብታዎቹ እጅግ በዙ። ከዚህም ተኑ የሚያርፍባቸው ነገሮች ኤሌክትሪክ የያዙ አዮኖች መሆናቸው ታወቀ።

የቅንጣቶች ዱካ

ዊልሰን ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት በከባቢ አየር ኤሌክትሪክ ላይ ሲሠራ ቆይቶ ወደ ደመናው ተመለሰ። አሳቡም ይህ ነበር፦ አንድ ፈጣን ቅንጣት በአየር ውስጥ ሲያልፍ ከኋላው አዮኖችን ይተዋል፤ በእነርሱ ላይ ጠብታዎች ቢሰበሰቡ የሄደበት መንገድ እንደ ቀጭን ነጭ ክር ይታያል። በ1911 የአልፋና የቤታ ቅንጣቶችን ዱካ አይቶ ፎቶግራፍ አነሣ። የመሣሪያውን መስታወት እያቀለጠ በመንፋት የሚሠራው ራሱ ነበር፤ ብዙ ጊዜም ስለሚሰበርበት ሥራውን በትዕግሥት እንደገና ይጀምር ነበር።

ከዚያ በፊት ሳይንቲስቶች ስለ ቅንጣቶች የሚያውቁት ብዙ ሆነው ከሚፈጥሩት ውጤት ወይም እያንዳንዳቸው በስክሪን ላይ ከሚያሳዩት ብልጭታ ነበር። የደመናው ክፍል ግን የአንዱን ቅንጣት ጉዞ ከመነሻው እስከ መቆሚያው፣ ከሌላ አቶም ጋር የተጋጨበትን ቦታ ጭምር አሳየ። መሣሪያው በማግኔት መካከል ሲቀመጥ የዱካው መታጠፍ የቅንጣቱን ኤሌክትሪክ ዓይነት ይገልጻል።

ውርስ

በ1932 ካርል አንደርሰን ፖዚትሮንን ያገኘው በዚህ መሣሪያ ነው። ፓትሪክ ብላኬትም መሣሪያውን አሻሽሎ በእርሱ ባገኛቸው ውጤቶች በ1948 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። በ1952 ዶናልድ ግሌዘር ከተን ይልቅ በሞቀ ፈሳሽ የሚሠራውን የአረፋ ክፍል ፈለሰፈ፤ ይህም ቀስ በቀስ የደመናውን ክፍል በትላልቅ ምርምሮች ተካው። ዛሬ የደመናው ክፍል በብዛት የሚገኘው በቤተ መዘክርና በትምህርት ቤት ማሳያ ነው።

ዊልሰን ከ1925 እስከ 1934 በካምብሪጅ ፕሮፌሰር ሆኖ አስተማረ። በስተርጅናው ወደ ትውልድ አገሩ ተመልሶ በተወለደበት አካባቢ በካርሎፕስ መንደር ኖረ። ምርምሩን ግን አልተወም፤ በ1956፣ በ87 ዓመቱ፣ ስለ ነጎድጓድ ደመና ኤሌክትሪክ የጻፈው ጥናት በሮያል ሶሳይቲ መጽሔት ታተመ። ከሦስት ዓመት በኋላ በ90 ዓመቱ በካርሎፕስ ዐረፈ።