በሁለት ጣት የሚመታ ጊታር

የጃዝ ሙዚቃ በተነሣ ቍጥር አሜሪካኖቹ ይቀድማሉ፤ እኛ ግን በዛሬው እሑድ የአውሮፓውን ጊታር መቺ የጃንጎ ራይንሃርትን ሕይወት ለአንባቢዎቻችን ልናቀርብ ወደድን። ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ጃንጎ በ1910 ዓ.ም. በቤልጅግ አገር ሊበርሺ በምትባል መንደር ተወለደ። ወገኖቹ ሌሎች ጂፕሲ የሚሏቸው፥ ራሳቸውን ግን ማኑሽ ብለው የሚጠሩ፥ በፈረስ በሚጎተት ጋሪ ቤት ከአገር አገር የሚዘዋወሩ ሰዎች ነበሩ። በፓሪስ ዳርቻ ሲያድግ ትምህርት ቤት አልዋለምና ኖታ ማንበብ አያውቅም ነበር። በ12 ዓመቱ ባንጆ አገኘ፤ ብዙም ሳይቆይ በከተማው ዳንስ ቤቶች እየመታ እንጀራውን ያገኝ ጀመር።

በ1928 ዓ.ም. አንድ ሌሊት ባለቤቱ ለገበያ ከሴሉሎይድ የሠራቻቸው አበቦች ከሻማ እሳት ተያያዙና ጋሪ ቤቱ ነደደ። ሁለቱም ነፍሳቸው ተረፈች፤ ነገር ግን የጃንጎ ግራ እጅና ቀኝ እግር ክፉኛ ተቃጠሉ። ሐኪሞች እግሩ ይቈረጥ ቢሉ እምቢ አለ። ዓመት ከመንፈቅ ያህል ተኝቶ ታከመ፤ የግራ እጁ የቀለበት ጣትና ትንሿ ጣት ግን እንደ ታጠፉ ቀሩ።

ወንድሙ ጆዜፍ አዲስ ጊታር አመጣለት። ጊታር የግራ እጅ አራት ጣት የሚሻ መሣሪያ ነው፤ ጃንጎ ግን ዜማውን በሌባ ጣቱና በመካከለኛው ጣቱ ብቻ፥ በጊታሩ አንገት ላይ ወደ ላይና ወደ ታች እየተወረወረ መምታትን እንደ አዲስ ተማረ። የታጠፉት ጣቶች አልፎ አልፎ ቀጫጭኖቹን ክሮች ይጫኑለት ነበር። እሳቱ ነው ጥበበኛ ያደረገው የሚሉ አሉ። እኛ በዚህ አንስማማም፤ እሳቱ ሳይነሣ አስቀድሞ እንግሊዛዊው የኦርኬስትራ መሪ ጃክ ሂልተን ሊቀጥረው መጥቶ ነበርና።

በ1934 ዓ.ም. ከቫዮሊን መቺው ከስቴፋን ግራፔሊ ጋር የፈረንሳይ ሆት ክለብ የተባለውን ጓድ መሠረቱ። ከበሮም መለከትም የለው፤ ሦስት ጊታር፥ አንድ ቫዮሊንና አንድ ባስ ብቻ። በ1939 ዓ.ም. ጦርነት ሲነሣ ጓዱ ለንደን ነበር። ግራፔሊ እዚያው ሲቀር ጃንጎ ወደ ፓሪስ ተመለሰ። ናዚዎች ወገኖቹን በየማጐሪያው ሲፈጁ እርሱ በተያዘችው ከተማ መድረክ ላይ ነበር፤ በ1940 ዓ.ም. ያስቀረጸው ኑዋዥ፥ ማለት ደመናዎች፥ እጅግ ተወደደለት። በ1943 ዓ.ም. ወደ ስዊስ ሊያመልጥ ቢሞክርም አልሆነለትም።

በ1946 ዓ.ም. ከዱክ ኤሊንግተን ጋር አሜሪካን ዞረ። ቀጠሮ አክባሪ አልነበረምና በኒው ዮርኩ ካርኔጊ አዳራሽ ሳይቀር አንዱን ምሽት ዘግይቶ ደረሰ። በኋላም በሴን ወንዝ ዳር ሳምዋ በምትባል መንደር ተቀምጦ ዓሣ ያጠምድ ነበር። በግንቦት 1953 ዓ.ም. ፓሪስ ተጫውቶ ሲመለስ፥ ደም ወደ አንጎሉ ፈስሶ በ43 ዓመቱ ዐረፈ።