ልጇን የደበቀችው የልጆች መምህር

አዲስ አበባ ውስጥ «ሞንቴሶሪ» የሚል ታፔላ የሰቀለ መዋዕለ ሕፃናት አይጠፋም። ስሙ የሰው፣ ያውም የአንዲት እናት ስም ነው። ማሪያ ሞንቴሶሪ በ1870 ጣሊያን ተወለደች (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ ነው)። ሴት ሐኪም ብርቅ በሆነበት ጊዜ፣ በ1896 ሮም ላይ በሕክምና ተመረቀች።

በ1898 ማሪዮን ወለደች። አባቱ የሥራ ባልደረባዋ ዶክተር ጁሴፔ ሞንቴሳኖ ነው፤ አልተጋቡም። ብታገባ ሥራሽን ትተሽ ቤትሽ ግቢ ልትባል ነው። ሳታገባ ወለደች ከተባለ ደግሞ ስሟም ሙያዋም አለቀለት። ስለዚህ ሕፃኑ ገጠር ለሞግዚት ተሰጠ። እየሄደች ታየዋለች፤ እሱ ግን እናቱ መሆኗን አያውቅም። አባትየውስ? ሌላ አግብቶ ሥራውን ቀጠለ።

በ1907 ሳን ሎሬንሶ በሚባለው የሮም የድሆች ሰፈር፣ ወላጆቻቸው ሥራ ሲውሉ ጠባቂ ያጡ ልጆችን ሰብስባ «የልጆች ቤት»ን ከፈተች። ወንበርና ጠረጴዛው በልጅ ልክ፣ ዕቃው ልጅ እጅ የሚደርስበት። ዓለም አጨበጨበላት። የራሷ ልጅ ግን ያኔም በሰው እጅ ነበር። ጨካኝ የሚሏት አሉ። እኔ እንኳ ፍርዱ እሷ ላይ ብቻ ሲወድቅ አይዋጥልኝም።

ማሪዮ ወደ እሷ የመጣው እናቷ ካረፉ በኋላ፣ ዕድሜው 15 ገደማ ሲሆን ነው። ከዚያ በኋላ እስከ ዕለተ ሞቷ ቀኝ እጇ ሆነ፤ ሕንድ ድረስ አብሯት ሄደ። በሰው ፊት ግን ለረጅም ጊዜ ዘመዷ ወይም የማደጎ ልጇ ነበር የሚባለው። በ1952 ኔዘርላንድስ ውስጥ ስታርፍ፣ ልጇ መሆኑ ኑዛዜዋ ላይ ተጽፎ ተገኘ።